ሙሉውን የተመለሰው ምሳ ዕቃ

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለው የቀበሌ እስር ቤት ከመወረሱ በፊት የጨርቅ መጋዘን ነበር። አብዮት ጠባቂዎች በጠዋት ከቤቴ ይዘውኝ መጥተው በሩን ከኋላዬ ሲቆልፉት፣ መጀመሪያ ያየሁት ሸሚዛቸውን አውልቀው በስፌቱ ውስጥ ቅማል የሚለቅሙ ሰዎችን ነው። አንዱ ቀና ሳይል፣ «እንኳን ደህና መጣህ፤ ቦታ ባይኖርም ግባ» አለኝ።

ተስቦ ገብቶ ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጥቷል። ከበሽታው ይልቅ ፍርሃቱ ጨረሰን። አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም እንዳይነካው ሲለምን ይውላል፤ ሌላው ከራሱ ጋር ያወራል። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ ግንባሬን ስዳስስ ነበር የምውለው።

ከጎኔ የሚተኙት ጊዮርጊስ አካባቢ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ሚስታቸው በየቀኑ ምሳ ታመጣለች። በር ላይ ስለ እስረኛ ቢጠየቅ የሚመልስ ስለሌለ፣ ደብዳቤያችን ምሳ ዕቃው ነበር። ባዶውን ከወጣ ሰውየው አለ፤ ሙሉውን ከተመለሰ የለም። ይህን ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ቀን ጋሼ በልተው ሲያበቁ ዕቃውን ኮታቸው ሥር ሸሸጉት። ልጆቻቸው በዚያው ዕቃ ስለሚበሉ በሽታውን የሚልኩላቸው መስሏቸው ነው። ሚስታቸው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ ቆማ ስትለምን ድምጿ ይሰማን ነበር።

«ጋሼ፣ ሞተዋል ብላ ልታብድ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ታልቅስ። ልጆቼን በእጄ አልገድልም።»

ተናድጄ፣ ያበዱትስ እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ያ ንግግሬ እስካሁን ያመኛል። በማግስቱ ሻያችን ከሚፈላበት በርሜል የፈላ ውሃ ለምኜ ዕቃውን ፊታቸው አጠብኩት። አምስቴ አሳጠቡኝ። ከዚያ ለጠባቂው ሰጡት። ከውጭ «ተመስገን» ስትል ሰማናት።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ እሳቸውን ያዘ። አንድ ረፋድ ላይ አረፉ፤ በብርድ ልብስ ወሰዷቸው። እኩለ ቀን ላይ ጠባቂው ምሳቸውን ይዞ ገባ። ሽሮ ነበር፣ ገና ይሞቃል። ብሉትና ባዶውን አምጡ፣ በር ላይ ለቅሶ አልፈልግም አለን። ከነጋ አንዳችንም እህል አልቀመስንም። ሽታው ቤቱን ሞላው። ማንም እጁን አልዘረጋም። ክዳኑን በሸሚዜ ጠርጌ፣ ጨርቁን እሷ እንደቋጠረችው ቋጥሬ መለስኩለት።

በጥፊ መታኝ። ግን ወሰደው። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቷን ሰማን፤ ሳንነጋገር ሁላችንም ተነስተን ቆምን።

በቅርቡ ወረርሽኙ መጥቶ ፒያሳ ጭር ያለ ጊዜ፣ አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ያመጣላትን ምግብ በር ላይ አስቀምጦ እንዲሄድ ታደርግ ነበር። ሳህኑ ላይ በረኪና ስታፈስ ሰው ሳቀባት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እሷን ባየሁ ቁጥር ዕቃውን አምስቴ ያሳጠቡኝ ጋሼ፣ ከዚያም ሚስታቸው ትዝ ይሉኛል። ያን ዕለት ባዶውን ብልክላት ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ባሏ በሕይወት ይቆይላት ነበር።