ትንሿ ሲሊንደር

ውሃ ውስጥ አብረውኝ የሚጠልቁት አዛውንት ምጽዋ ተወልደው ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛ የለመዱት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው። ሮተርዳም ወደብ ላይ መርከብ ሲበይዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እኔ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ውስጥ ታውስዞርኽ በሚሉት የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው የምሠራው፤ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ዋና ያስለመዱኝም፣ መጥለቅ እንድማር የገፋፉኝም እሳቸው ናቸው።

በብርዱ ወራት ከአምስተርዳም ወጣ ብሎ በቪንከቬን ሐይቅ ሠላሳ ሜትር ወርደን ሳለ መተንፈሻዬ በቅዝቃዜው ተጣብቆ አልዘጋ አለ። አየሩ ፊቴ ላይ እየተንቦለቦለ ይወጣል። እሳቸው በባትሪያቸው ጭቃውን እያዩ ቀድመውኛል። መጮህ አይቻል። እንደምንም ዋኝቼ ደረስኩባቸውና እግራቸውን ያዝኩ። ዞር ብለው አዩኝ፣ ትርፉን መተንፈሻቸውን አጎረሱኝ፣ ተያይዘን ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ትራም ውስጥ ተቀምጬ እንኳ የራሴን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመርኩ። ባሌ «በቃ ተይው» አለኝ። መተዉ አልሆነልኝም፤ ግን ጀርባዬ ላይ ከማዝለው ዋና ሲሊንደር የተለየ ተጠባባቂ አየር ሳልይዝ ላልወርድ ወሰንኩ።

አዛውንቱ ይህን ከሰሙ በኋላ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከካፖርታቸው ኪስ የውሃ ጠርሙስ የምታክል ቢጫ ሲሊንደር አወጡ።

«ይቺን ደረትሽ ላይ ታስሪያታለሽ፣ ጓለይ» አሉኝ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «አትከብድ፣ አታስቸግር።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አቦይ» አልኩ፤ አባቴ ማለቴ ነው። ሆዴ ግን አላመነም። ጥልቀት ሲጨምር አየር ቶሎ እንደሚያልቅ ተምሬያለሁ፤ ሠላሳ ሜትር ላይ አንዱ ትንፋሽ ከውሃ በላይ የአራት ትንፋሽ ያህል አየር ይበላል።

ትንሿን ይዤ ዴን ሃግ ከተማ ወዳለ የጠላቂዎች ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ ከዋናው ጎን የሚታሰር ባለ ሦስት ሊትር ሲሊንደር አሳየችኝ። «ለምትወርጂበት ጥልቀት ይሄ ነው። ትንሿ መንገድ ላይ ታልቅብሻለች» አለችኝ። እውነቱን ሳውቅ ይባስ ተጨነቅሁ። ስጦታቸውን በምን አፌ ልመልስ?

በመጨረሻ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው።

«እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የምጠልቀው» አሉ።

«ልክ ነዎት። ግን እባክዎ አብረን እንሞክራት።»

ሲሊንደሯን ከእጄ ወሰዱና «እኔው እሞክራታለሁ» አሉኝ።

ብርዱ ሲለቅ ወደ ሐይቁ ተመለስን። ታች ስንደርስ ዋናውን መተንፈሻ ከአፋቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት፣ ትንሿን ጎረሱ። ቀስ ብለን መውጣት ጀመርን። ዓይኔን ከዓይናቸው አላነሳሁም። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ከአፋቸው የሚወጣው አረፋ ቀጥ አለ። እጃቸውን አልዘረጉም። ሽቅብ ብርሃኑን እያዩ ትንፋሻቸውን ያዙ። ትንፋሽ ይዞ መውጣት ሳንባ እንደሚቀድ እሳቸው ናቸው ደጋግመው የነገሩኝ። ዋናውን ወደ አፋቸው ገፋሁት። ተቀበሉኝ። አረፋው ተመልሶ ወጣ፤ ክንዳቸውን እንደያዝኩ ወደ ላይ ቀጠልን።

ዳር ወጥተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን።

«ትንሿን ለራሴ ነበር የገዛኋት» አሉ። «ጀርባዬ ትልቁን ተጠባባቂ አይችልም ብዬ። ያን ቀን ያንቺ መተንፈሻ ሲበላሽ፣ ይሄ በእኔ ቢደርስ ይቺ ልጅ እንዴት ታወጣኛለች ስል ነው ያደርኩት። እኔን ስታወጪ አየር እንዳያጥርሽ ፈርቼ ለአንቺ ሰጠኋት።»

እሳቸውም ይፈራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው።

አሁን ሁለታችንም ባለ ሦስት ሊትሩን ይዘናል። የሳቸውን እስከ ውሃው ድረስ እኔ እሸከምላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ አይሆንም ብለው ነበር፣ ኋላ ለመዱት። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ከመግባታችን በፊት ቫልቩን እከፍታለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ የአየር መለኪያውን ደግሜ አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እሳቸውም እንደ እኔ ደግመው ሲያዩ አየኋቸው።

«ዛሬ ከሃያ ሜትር አንለፍ» አሉኝ።

«እሺ፣ አቦይ» አልኳቸው፣ ገባን።