የቁማርተኛው አስተርጓሚ

ጅጅጋ በመምህርነት ተመድቤ ስሄድ የተከራየሁት አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ ባሏ ሞቶባታል፤ አብሯት የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ የሚሠራበትን ባጃጅ የገዛችለትም እሷ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቋን አትከፍትም። ምንጣፉ ላይ ትራስ ደገፍ ብላ የድሮ የህንድ ፊልም ታያለች፤ እኔንም ትጠራኛለች። ወንድሟ ህንድኛ የለመደው ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልም በማየት ነው። እሷ የገበያ አማርኛ ስለምትችል፣ እንግዳው እንዳይቀርበት ብሎ ለሁለታችንም በአማርኛ ይተረጉምልናል። ሲተረጉም ታዲያ «እንዲህ አለ» ብሎ ነገር የለም፤ ራሱ ሰውየውን ሆኖ ነው የሚናገረው።

ወንድሟ ባጃጁ ጋራዥ ገብቷል ባለ ሳምንት፣ ዓርብ ያየነው ጥቁርና ነጭ ፊልም የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነበር። ታናሹ ቁማርተኛ ነው፤ ታላቁ የእሱን ጥፋት በራሱ ላይ ወስዶ ይታሰራል። መጨረሻው አካባቢ ታናሹ ሊጠይቀው ሄደ፤ የእስር ቤቱን ፍርግርግ ጨብጦ መናገር ጀመረ። የአከራዬ ወንድም እግር በእግር እየተከተለ ይተረጉማል።

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ካርታ ፊቴ ሲዘረጋ ሌላ ሰው እሆናለሁ።»

ተዋናዩ ዝም አለ። ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል፤ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ወንድሟ ግን አላቆመም።

«ባጃጁ ጋራዥ አይደለም ያለው» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ካርታ ተጫውቼ ተበላሁት። ስዋሽሽ ነው የሰነበትኩት።»

በዚያ ፊልም ውስጥ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም። የሻይ ብርጭቆዬ እጄ ላይ ቀረ። በሶማልኛ ፊቷን እያየ ሊለው ያልቻለውን በሰው ቋንቋ፣ በሌላ ሰው ታሪክ ተከልሎ ነገራት።

እሷም ዞር ብላ አላየችውም። እስረኛው ገና አፉን ሳይከፍት፣ እሷ መለሰች።

«ያሳደግኩት ወንድሜን ነው፤ ባጃጅ አይደለም በለው። ነገ ከእኔ ጋር ሱቅ ይግባ።»

«እሺ፣ አባዮ» አለ። እህቱን በሶማልኛ የሚጠራት እንደዚያ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ይቅርታ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እንዲህ ሲሰጥ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ነገሩን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«መምህር፣ ሳምንቱን ሙሉ በእግሩ ሲገባ አላየሁም እንዴ?» አለችኝ። «እስኪነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

ባጃጁን ለማስመለስ ሽማግሌ ልካ ነበር፤ አልተሳካላትም። ወንድሟ ጣቃ እየተሸከመ ከኋላዋ መሄድ ጀመረ። አንዴ ደግሞ ካርታ ቤት ታየ ሲሏት ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጁን ይዛ አወጣችው። አሁን ሱቁን ግማሽ ቀን የሚይዘው እሱ ነው። እኔም ቤት አልቀየርኩም።