በእትዬ ዘይቱ ቤት ያልወጣው ውኃ

ናስረዲን ትውልዱ ጅማ፣ እንጀራው ሚዛን ተፈሪ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጠግናል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ማሽን ግን በሽታውን ግንባሩ ላይ ጽፎ ነው የሚጠብቀኝ» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። እውነቱን ነው። በማሽኑ ትንሽ መስኮት ላይ የሚበራውን ፊደልና ቁጥር አይቶ ውኃ አልገባም፣ በሩ አልተዘጋም ብሎ ያነባል። ጠግኖ መልሶ ያበላሸው ማሽን ግን አልነበረም፤ እትዬ ዘይቱ ቤት እስኪገባ ድረስ።

በሁለት ሺህ ስምንት ክረምት የላኩበት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ማሽኑን ከዓረብ አገር ያመጣችው ልጃቸው መርዋ ነበረች። ልብሷን እያጠበች ሳለ ማሽኑ ቆመ፤ በማግሥቱ ወባ ጣላት፣ ሳምንት ሳይሞላት ተቀበረች። ማሽኑ ውኃውንና ልብሷን እንደያዘ በሩን ቆልፎ ቀረ። እናትየው ሶኬቱን ማንም እንዲነቅል አልፈቀዱም። ሚዛን ደግሞ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። በመጣ ቁጥር ማሽኑ ያቃስታል፣ ይጮኻል፣ መስኮቱ ላይ «ኢ ሁለት» የሚል ምልክት ያበራል። እትዬ ዘይቱም ካሉበት «አቤት ልጄ» ይላሉ። ጎረቤቱ ፈራ።

ናስረዲን የሚያቃስተው ውኃ አስወጪው ፓምፕ መሆኑን እያወቀ፣ ድምፁን ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ለእትዬ ዘይቱ ቀስ ብሎ አስረዳቸው፦ ኢ ሁለት ማለት ውኃው አልወጣም ማለት ነው፤ ማጣሪያው ተደፍኗል፤ ውኃው እስካልወጣ በሩም አይከፈትም። ዝም ብለው ሰሙት። ዝምታቸውን እሺታ አድርጎ መውሰዱ ነው ስሕተቱ።

ከታች ያለውን ክዳን ሲፈታ የገማ ውኃ ወለሉን አጥለቀለቀው። ማጣሪያው ረጅም ፀጉር የተጠመጠመበት የፀጉር ማስያዣ ይዞ ወጣ። ለእናትየው ዘረጋላቸው፤ አልተቀበሉትም። ገጥሞ ሲያበራው ፓምፑ ያለ ምንም ሲቃ ዞረ፣ በሩ ቀጭ አለ፣ ቁጥሩ ጠፋ። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ተሰማ። በሩን ሊስብ ሲል የእትዬ ዘይቱ እጅ እጁ ላይ አረፈ።

«አትክፈተው» አሉ። «ማስያዣዋን መልስና እንደነበረ አድርግልኝ።»

«እትዬ ዘይቱ፣ የሚያቃስተው እኮ ፓምፑ ነው።»

«ነገርከኝ እኮ ልጄ፣ ገብቶኛል። ግን ሌላ የሚጠራኝ የለም።»

የወላድ አንጀት ነውና እምቢ ማለት አቃተው። ማስያዣውን ከነፀጉሩ ወደነበረበት ሸጎጠ። ውኃውን እሳቸው ራሳቸው በጆግ እያመላለሱ በሳሙና ማስቀመጫው አፈሰሱ። ማሽኑ እንደገና ተቆለፈ፣ አቃሰተ፣ ጮኸ።

«አቤት ልጄ» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወዲያ ናስረዲን በዚያ ሰፈር ማለፍ ተወ። ቴፒ ለሥራ ሄዶ እንኳ መብራት ሲመጣ ጆሮውን ይይዛል።

እትዬ ዘይቱ የልጃቸውን ዓመት ሳይደፍኑ ተከተሏት። ናስረዲን ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ወዲያው መጣ። ጓዳ ውስጥ ያለው ማሽን አቃሰተና ጮኸ። ለቀስተኛው ወደ ጓዳው ዞረ። የሚመልስለት አልነበረም። ደግሞ ጮኸ።

«አቤት» አለ ናስረዲን።