የኩይሳ እንጉዳይ የለቀምኩበት ክረምት

እኛ ቤት እንጉዳይ አይገባም ነበር። እናቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። አንድ ክረምት እንጉዳይ በልተው የታመሙ እናትና ልጅ በእሷ እጅ ታክመዋል። እነሱ ድነው ሄዱ፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ አልዳነችም። በዝናብ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ዣንጥላ የሚመስል ነገር ብቅ ካለ በጫማዋ ደፍጥጣው ነው ወደ ሥራ የምትሄደው።

ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ አክስቴ ጉልበቷን ልትታከም ጋምቤላ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ከአቦቦ ወዲያ ገጠር ውስጥ ነው። አባቴ የሚሠራው ማታር ከተማ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች ሆንን። እኔና አክስቴ በአባቴ ወገኖች ቋንቋ እናወራለን። እናቴ ግን መቲ ከተማ ያደገች፣ ቋንቋውን የማታውቅ ስለሆነች ከአክስቴ ጋር የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ ሲጨቃጨቁም በአማርኛ ነው።

አክስቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አንጎደጎደ፤ የቤታችን ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ እያዳመጠች፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት የኩይሳ እንጉዳይ ይወጣል አለች። ቀጠሮ ያላት ነው የምትመስለው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሳትበላው ያለፈችው ክረምት የለም፤ ዘንድሮ ግን ጉልበቷ አላስኬድ አላት። እኔ አመጣልሻለሁ አልኳት። እናቴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች።

"ሂጂ፣ እዪው፣ ተመለሺ። እሳት ላይ ግን አይጣድም" አለችኝ።

ይቺ "አይጣድም" ናት ክረምቱን ሙሉ ያሯሯጠችኝ። እናቴን አሳምኜ አክስቴን እንጉዳይ ማብላት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

ከሰፈራችን ጀርባ፣ የኳስ ሜዳውን አልፎ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ኩይሳ አለ። አክስቴ ባለችው ጠዋት ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ከግርጌው ጀምሮ ነጫጭ እንጉዳዮች ዙሪያውን ከበውታል። ገና ያልተዘረጉት እንደ ጣት ጫፍ ሹል ናቸው፤ የተዘረጉት ደግሞ ሳህን ያክላሉ። ትናንት እኮ እዚህ ምንም አልነበረም። ጮኬ መሰለኝ፣ ሜዳው ላይ የነበሩት ፍየሎች ዞረው አዩኝ። በኩሽና ቢላዋ እግራቸውን ከመሬት እኩል ቆረጥኳቸው። ቤት ስደርስ አንዲት ቅንጣት ጭቃ እስከማትቀር ድረስ በቧንቧ ውሃ አጠብኳቸው፤ ነጭ ሳህን ላይ ደርድሬ ለአክስቴ አቀረብኩላት። የነርስ ልጅ አይደለሁ?

አክስቴ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ከቆቡ ሥር ያለውን ስስ ሽንሽን አየች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ሥሩ የታለ አለችኝ። ቆርጬው መጣሁ አልኳት።

"እንግዳ ሰው ቤትሽ ሲመጣ የማን ልጅ ነህ ብለሽ አትጠይቂውም?" አለችኝ። "አንቺ ዘሩን ሜዳ ላይ ጥለሽ፣ ፊቱን አጥበሽ አመጣሽልኝ።"

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የኩይሳ እንጉዳይ ሥሩ ረጅም ነው፤ ወደ ታች ምስጦቹ ቤት ድረስ ይወርዳል። እዚያው አጠገቡ ሣር ላይ የሚበቅል ሌላ አለ፤ ከላይ ሲያዩት መንታው ነው። እሱ ግን ያ ሥር የለውም። እግሩ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ነገር አለው፤ ሲቆይ ደግሞ ሽንሽኑ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ሰው የሚያስታውከው እሱ ነው። ሥሩ ተቆርጦ የታጠበ እንጉዳይ የየትኛው ወገን እንደሆነ እሷም ልትምል አትችልም። ሳህን ሙሉውን እንጉዳይ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። እናቴ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ከመናገር ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ከኩይሳው አልጠፋም። ቢላዋውን ትቼ ሹል እንጨት ያዝኩ። ጭቃውን ቀስ ብዬ እየፋቅኩ የእንጉዳዩን እግር ተከትዬ ወረድኩ፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ እየቀጠነ፣ እየጠቆረ፣ የአይጥ ጅራት እየመሰለ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ሳይበጠስ ሳወጣ ክንዴ እስከ ክርኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ምስጦቹም ጣቶቼን ነክሰውኛል፤ እኔ ግን ብቻዬን እስቃለሁ። የሣሩንም መንታ ፈልጌ አገኘሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። የኩይሳው ቆቡ መሃል ላይ ጠቆር ያለች ሹል ጉብታ አለችው፤ አክስቴ አፍንጫው ትላታለች። ኳየር ልምምድ ላይ ሆኜ እንኳ አፌ ይዘምራል፣ ልቤ አፍንጫ ይቆጥራል።

አንድ አርብ ሰማዩ እንደገና በኃይል አንጎደጎደ። እሁድ ከቸርች መልስ ቅርጫቴን ይዤ ስወጣ እናቴ ጫማዋን ቀይራ ተከተለችኝ። ነይም ተይም አላልኳት። እጇን አጣጥፋ ቆማ ስቆፍር አየችኝ። ቅርጫቱ ከነጭቃው ሞላ። ሁለቱ ትልልቆች ግን፣ ስለቸኮልኩ፣ መሃል ላይ ተበጠሱብኝ። እነሱንም ከላይ ጣል አደረግኳቸው።

ቤት ስንደርስ አክስቴ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሥሩን በጣቶቿ መሃል እያሳለፈች፣ አፍንጫውን እየነካች። የተበጠሱትንም ትልልቆች በቀረው ሥራቸው አየች። ሁሉንም ደህና ናቸው ብላ አሳለፈች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ በአማርኛ፣ እኛ አገር መጀመሪያ የሚበላው የለቀመው ሰው ነው፣ ሌላው ተቀምጦ ያየዋል አለቻት።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። "ልጄን መሞከሪያ አታደርጊያትም።"

"ሙከራ አይደለም። የምትበላው ራሷ መሆኗን ካወቀች፣ ያላወቀችውን አታመጣም" አለች አክስቴ።

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ቅርጫቱን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሥር፣ አፍንጫ፣ ሽንሽን፤ ሥር፣ አፍንጫ፣ ሽንሽን። ትልልቆቹ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከሁሉ ያማሩት እነሱ ነበሩ። አንስቼ ወደ ጎን አደረግኳቸው።

አክስቴ ጥሩ ናቸው እኮ፣ እኔ አሳልፌያቸዋለሁ አለችኝ።

"ሥራቸው የት እንደሚደርስ አላየሁም" አልኳት። "ያላየሁትን አልበላም።"

እናቴ ተነስታ ድስቱን ራሷ ጣደችው። በተፈጨ ለውዝ ሠራነው። እናቴ በደንብ ይብሰል፣ በደንብ ይብሰል እያለች ከምድጃው አጠገብ አልነቃነቅ አለች፤ አክስቴም መርፌ እየቀቀልሽ ነው እንዴ እያለች ትስቅባት ነበር።

ወጡ ከገንፎ ጋር ቀረበ። ጸለይን። አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳስጠጋ የእናቴ እጅ ሳህኑ ውስጥ ገባ። ከእኔ እኩል አነሳች፣ ከእኔ እኩል ጎረሰች።

"አንቺ መች ለቀምሽ?" አለቻት አክስቴ።

እናቴ እያኘከች፣ "ለቃሚዋን የወለድኳት እኔ ነኝ" አለች።

እንጉዳዩ ዶሮ ዶሮ ይላል፣ ግን ዶሮ አይደለም፤ የለውዙን ቅባት ጠጥቶ አፍ ውስጥ ይንሸራተታል። ሁለተኛውን ልጎርስ ስል አክስቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። እናንተ ቀምሳችኋል፣ በቃችሁ፣ እኔ የመጣሁት ከሩቅ ነው ብላ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች።