የሰጠሁት ይቅርታ

የያዙኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ያኔ ከምሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ከጨፌ ገና መመለሴ ስለነበር ቦቲዬ ጭቃ እንደያዘ ነው። ከመጡት ሁለት የደኅንነት ሰዎች አንደኛው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ደብተር አነሣ፣ ሌላው እኔን።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ከወለሉ የማሽላ ሽታ ይነሣል። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሐይቁ አይታይም፤ የውኃው ብርሃን ብቻ ጣሪያው ላይ ይንቀሳቀሳል። አንድ መምህር ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝና «አንተስ በምን መጣህ?» አለኝ።

«ወፍ ስቆጥር።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በማግስቱ የምወጣ መስሎኝ ነዋ።

ሥራዬ እውነትም ወፍ መቁጠር ነበር። የጣና ዳር ጨፌዎች ለእርሻ ሊጠነፈፉ ነው ይባል ነበር። ይብራው፣ ዳክዬው፣ ከሁሉም በላይ እየጠፋ የሄደው ባለ ወርቃማ ጉትያ ሽመላ የት የት እንቁላል እንደሚጥል አጥንተን፣ «ይህኛው አይታረስ፤ እዚያኛው በመራቢያው ወራት ከብት አይግባበት፣ ደንገሉም አይታጨድ» ብለን ማቅረብ ነበረብን። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አያ እላቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዐይናቸው ግን ከእኔ መነጽር ይበልጣል። እኔ በግራ ስቆጥር እሳቸው በቀኝ ይቆጥራሉ፤ ለየአሥሩ ወፍ በደንገል ልጥ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ዳር ስንወጣ ቋጠሮውን ወደ ቁጥር ለውጬ እጽፍና ልጡን ደብተሩ ውስጥ አኖረዋለሁ።

የእኔ ሞኝነት! ወንበዴ በሐይቁ ይሻገራል እየተባለ በሚወራበት ዘመን ካርታ ሥዬ፣ ሰዓት ጽፌ፣ በየዳርቻው ቁጥር ደርድሬ እዞር ነበር።

«ጎርጎራ አጠገብ፣ ንጋት ላይ፣ አርባ» አለ መርማሪው ደብተሩን እያየ። «አርባ ምን?»

«ሽመላ።»

«መንግሥት ደመወዝ እየከፈለህ ሽመላ ትቆጥራለህ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

ልጡን አንጠለጠለው። «ይህስ? የማን ምልክት ነው?»

አልመቱኝም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ቢመቱኝ ኖሮ ዛሬ የማመካኝበት ነገር ይኖረኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር የጎማ ዱላ ተጋድሟል፤ እሱን አየሁና «የእኔ አይደለም፣ የቀዛፊው ነው። የምንሄድበትን ቦታ የሚመርጠውም እሱ ነው» አልሁ። አንቱ ስላቸው የኖርሁትን ሰው እሱ አልኋቸው። ቤቱን ሲጠይቀኝ ቤቱንም ነገርሁት። ፈረምሁ። ያን ሌሊት «ምን ዋሸሁ? ቋጠሮው የእሳቸው አይደል እንዴ?» እያልሁ ራሴን ሳባብል አደርሁ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ሽማግሌውን ገፍተው አስገቧቸው። ጋቢያቸው ተቀዷል፣ አንድ ዐይናቸው አብጧል። ባበጠው ዐይናቸው ሳይቀር ፈልገው አገኙኝ።

«ልጄ! ወይኔ ልጄ!» አሉ። «እኔ ነኝ ያስያዝሁህ። ያ ቋጠሮ ነው ጉድ ያፈላብህ፤ ‹ይህ ምንድን ነው› እያሉ ሲያፋጥጡኝ ገባኝ። በቃሌ ብነግርህ ምን ነበረበት? በእኔ ጦስ የሰው ልጅ ታሰረ!»

አጎነበሱና ጉልበቴን ሳሙኝ። «ይቅር በለኝ» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ያየናል። ያኔ ልናገር እችል ነበር።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አያ» አልሁ።

ይህን ያለው የእኔ አፍ ነው። መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጨዋ ልጅ ነህ» አለኝ። ሽማግሌው ቀለል ብሏቸው ተኙ። እኔ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ጠዋት ጥበቃው መጥቶ ዕቃዬን ይዤ እንድወጣ ነገረኝ። አለቃዬ ዋስ ሆኖኝ ነበር። ሁሉም «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ፤ ሽማግሌውማ መረቁኝ። በሩ ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ተመለስሁ።

«አያ፣ ቤትዎን የጠቆምሁ እኔ ነኝ። ቋጠሮው የእሱ ነው ብዬ የፈረምሁ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና አሉና «ጉልበትህን ስስም ታውቅ ነበር?» አሉ።

«አዎ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ስትለኝም?»

«አዎ፣ አያ።»

ተንበርክኬ እግራቸውን ልይዝ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ። «ተነሥ» አሉኝ። «ይቅርታውን አቆይልሃለሁ። መጀመሪያ ሂድና የቆጠርነው ወፍ መሆኑን ለነሱ ንገራቸው።»

ጥበቃው «ኧረ ና ውጣ!» እያለ ጎተተኝ።

መርማሪው የመፍቻውን ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ከሥሩ የሰጠሁትን ቃል አጸናለሁ የሚል አለበት። አልፈርምም አልሁ። «መንገዱን የማወጣው እኔ ነኝ። እሳቸው የታዘዙትን ቀዘፉ እንጂ ሌላ ነገር የለም። የቆጠርነውም ወፍ ነው።» ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ይህን ሁሉ ስል ዐይኔ ከጎማው ዱላ ላይ አልተነሣም።

«ቤትህ ልትገባ አልነበር እንዴ፣ አንተ የማትረባ?» አለና ወረቀቱን ቀደደው። ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ። ከሽማግሌው ጋር ዳግመኛ አልተያየንም።

እሳቸውን በወሩ ለቀቋቸው። እኔ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። ስፈታ እዚያው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ እህቴ ዘንድ ተቀመጥሁ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ አፈላልጎኝ መጣ።

«ሽማግሌው አሁን ጎርጎራ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው» አለኝ። «‹ያ ልጅ ከተፈታ ይምጣ፤ ያቆየሁለት ነገር አለ› ብለዋል።»

ጀልባው በየሳምንቱ ይሄዳል። በሚመጣው ሳምንት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሥራ ሳገኝ እያልሁ ሰነበትሁ። ሥራውም ተገኘ፣ ክረምቱም ወጣ። ምን ፊት ይዤ ልቁም? በሁለተኛው ዓመት፣ ፍልሰታ ሲገባ ማረፋቸውን ሰማሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከጨፌዎቹ ብዙው ታርሷል፤ ሽመላውን ካየሁት ቆየሁ። ሰዎች ስለ እስር ቤቱ ሲጠይቁኝ አልፈርምም ያልሁበትን ቀን አወራላቸዋለሁ፤ «አበጀህ» ይሉኛል፤ እኔም ዝም ብዬ እቀበላለሁ። ጎርጎራ እንዳልሄድሁ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።