ጸበሉ ነው ወይስ ቪፒኤኑ

ወረታ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ኢንተርኔት ቤት ሥራ የጀመርኩት በመጥረጊያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ሦስት ነበር፦ ወለል መጥረግ፣ ጭቃ የያዘ ጫማ በር ላይ ማስጠረግና ተራ ማስከበር። ባለቤቱ ሙሉቀን ይባላል። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል፤ ባሕር ዳር ኮምፒዩተር ተምሮ ተመልሶ ነው ቤቱን የከፈተው። «እማማ እናኑ፣ ማሽኖቹን ብቻ አይንኩብኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

በዚያው ቀን አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሹም መጣና አምስት ሰው አልፎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተነሥቶ ወደ ኋላ እንዲሄድ ነገርኩት። ማን እንደሆነ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አውቃለሁ፣ ስድስተኛው ነህ አልኩት። ሙሉቀን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሹሙ ግን ተነሥቶ ሄደና ስድስተኛ ሆኖ ቆመ።

ትምህርቴ መሠረተ ትምህርትና እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የፈረንጁን ፊደል ከማነብበው ይልቅ በመልኩ የማውቀው ይበዛል። ሁለት ዓመት ሙሉ መጥረጊያዬን ተደግፌ ከሰው ጀርባ ቆሜ አየሁ። የት እንደሚጫን፣ ከተጫነ በኋላ ምን እንደሚመጣ፣ ሲጠፋ ሰው በምን እንደሚደነግጥ አየሁ። ሰው ማሽን ሲበላሽበት የሚለው አንድ ነው፦ እኔ ምንም አልነካሁም ይላል። ከአሥሩ ዘጠኙ ነክተዋል፤ አሥረኛው የነካውን ረስቶታል።

በዚያ ጊዜ አንዳንድ ገጾች አይከፈቱም ነበር። ሙሉቀን በስድስቱም ማሽን ላይ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ማለት የተዘጋውን ገጽ በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያመጣ ፕሮግራም ነው። ኋላ ገጾቹ ሲከፈቱ ማሽኖቹን ከማዝገም በቀር ጥቅም አልነበረውም። ነሐሴ ላይ አንድ ማክሰኞ፣ ቤቱን ሲዘጋጋ፣ ከስድስቱም ላይ ቪፒኤኑን አነሣና ማሽኖቹን አጠፋቸው። እኔ ከሥሩ እየጠረግሁ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ቄስ ታከለ ጸበል ሊረጩ መጡ። የእኔም የሙሉቀንም የነፍስ አባት ናቸው። የለመነቻቸው የሙሉቀን እናት ናት፤ በልጄ ሥራ ሰው ቀንቶበታል ብላ። ቄስ ታከለ እጃቸው ለጋስ ነው። ግድግዳውን፣ ወንበሩን፣ ማሽኖቹን፣ የሙሉቀንን ግንባር ሁሉ አዳረሱ። የኋላውን ክፍል ብቻ ተውት፤ ማታ የተከመረ የወረቀት ካርቶን በሩን ዘግቶት ነበር። እዚያ ውስጥ ስድስተኛው ማሽን ከስካነሩ ጋር ማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ተቀምጧል።

ደንበኛ ገባ፣ አምስቱ ማሽኖች በሩ፣ አንድም ገጽ አልከፍት አለ። ሙሉቀን የኢንተርኔት መስመሩን ነቅሎ ሰካ። ማሽኖቹን አጥፍቶ አበራ። በዚያው መስመር ስልኩ ላይ ሲሞክረው ይከፍታል፤ ማሽኖቹ ላይ ሲሞክረው አይከፍትም። ተናደደና ከአንዱ ማሽን ላይ ብሮውዘሩን ጨርሶ አጠፋው፤ ገጽ የሚከፍተውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። አዲስ አምጥቼ እጭናለሁ ብሎ ነበር። አዲሱን ለማምጣት ደግሞ ብሮውዘር ያስፈልጋል። አገጩን ይዞ ትንሽ ቆመ።

ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማው «ጸበሉ ነው፣ ውስጣቸው ገብቶ ነው» አለ።

ከተራው አራተኛዋ ብርቱካን የምትባል ወጣት ነበረች። ከቁሐር ሚካኤል ውኃ የተኛበትን ሜዳ አቋርጣ፣ ጫማዋን በእጇ፣ ወረቀቶቿን በላስቲክ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛ ነው የመጣች። የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ የቀራት የብቃት ምዘና ፈተና ነው። የፈተናው ምዝገባ በዚያ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፋት ሌላ ዓመት ትቀመጣለች። በሙሉቀን ስልክ ሞከርንላት፤ ቅጹ ይከፈታል፣ ወረቀቶቿን ልንጭን ስንል ግን ይመልሰናል። በከተማው ያለው ሌላው ቤት ደግሞ ባለቤቱ ለቅሶ ላይ ስለነበረ ዝግ ነው።

ለምን እስከ መጨረሻው ቀን ቆየሽ ብዬ ተቆጣኋት። መንገዱ አራት ቀን ውኃ ውስጥ ነበር አለችኝ። ቁጣዬን መልሼ ዋጥኩት።

ስለ ጸበሉ የተወራው ወሬ ደብሩ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቄስ ታከለ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ሁላችን ተነሥተን መስቀል ተሳለምን። ሙሉቀንም ተሳለመ፤ ዓይናቸውን ግን አላየም።

«ልጄ፣ ጸበል አበላሸብኝ አልክ አሉ» አሉት።

«አባ፣ ውኃና ኤሌክትሪክ አይስማሙም ነው ያልኩ።»

«ርኩስ ያለበት ነገር ጸበል ሲነካው ይጮኻል። ያንተዎቹ እንደሰማሁት ዝም ነው ያሉት። እንግዲህ የዝምታቸውን ነገር አንተ ታውቃለህ።»

ከተራው አንደኛው የአንበሳሜ የከብት ነጋዴ ነበር፤ የበሬ ፎቶ ለገዢ ሊልክ ነው የመጣው። «ንስሐ ገብተው ይሆናል አባ፤ ዓለማዊ ነገር አንከፍትም ያሉ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቄሱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ያልሳቁት ሙሉቀንና ብርቱካን ነበሩ። ብርቱካን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች።

እኔ ያለ ማስረጃ የሚፈረድ ፍርድ አልወድም። ተከሳሹ ጸበል ቢሆንም አልወድም። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከበሩ ላይ አነሣሁና የኋላው ክፍል ገባሁ። ከረጢቱን ገፈፍኩ፣ ስድስተኛውን ማሽን አበራሁ። ማሽን ስነካ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኪቦርዱን ለፊት ክፍል ከተዋሱት ቆይቷል፤ በማውሱ ብቻ የብሮውዘሩን ምልክት ጫንኩ። የመጣው ጽሑፍ እንደ አምስቱ ነው። አልከፍትም አለ።

ሙሉቀንን ጠራሁት። ይኸኛው ጠብታ ጸበል ነክቶታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልነካውም አለ። ታዲያ ለምን አይከፍትም አልኩት። የነፍስ አባታችንን በሐሰት ከስሰሃል፣ ይህን ያዝልኝ፣ አሁን ወደ ሥራው እንመለስ አልኩት።

መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ስልኩ መስክሯል። ጸበሉም ነጻ ነው፤ የኋላው ማሽን መስክሯል። ስድስቱን ሁሉ እኩል ያገኛቸው ነገር ምንድነው ብዬ ሳስብ የማክሰኞው ትዝ አለኝ። ቪፒኤኑ።

እኔና ባሌ የምናርሰው ማሳ ሩዝ ነበር። ውኃ በቀጥታ አልገባ ሲለን በጎረቤት ማሳ በኩል ዞሮ እንዲመጣ ቦይ እንቀድዳለን፤ የራሳችንን መግቢያ ደግሞ በአፈር እንደፍናለን። ጎረቤት አንድ ቀን በእኔ በኩል ማለፍ ይብቃ ብሎ ቦዩን ይዘጋል። የራስህን መግቢያ መክፈት ከረሳህ፣ ወንዙ ሞልቶ እየጮኸ ማሳህ ይሰነጠቃል። በዚህ ነገር አንድ ዓመት ከባሌ ጋር ተኳርፈናል።

ይህን ለሙሉቀን ነገርኩትና ጠየቅሁት። «ቪፒኤኑን ስታነሣ የራስህን መግቢያ ከፍተሃል?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሩዝ አይደለም።»

«ሩዝ ቢሆን አንተን አልጠይቅም።»

ማውሱን ከእጄ ወሰደ። ሴቲንግ ገባ፣ ኔትወርክ የሚለውን ከፈተ፣ ከዝርዝሩ ፕሮክሲ የሚለውን ጫነ፤ ገጽ በሌላ በኩል ዞሮ እንዲመጣ የሚያዝ ነው። ማብሪያው በርቷል። ከሥሩ ቪፒኤኑ የጻፈው አድራሻ እንዳለ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ከሄደ አድሯል፤ ብሮውዘሩ ግን አሁንም በእሱ በኩል ለማለፍ የሌለ ሰው ደጅ ያንኳኳል። ሙሉቀን አጠፋው። ብሮውዘሩን ዘግቶ ከፈተ። ገጹ መጣ።

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሊሆን ነው፤ የፊቶቹ አምስቱ እስኪስተካከሉ ጊዜ ይፈጃል፣ ለጊዜው የሚሠራው ስካነሩ ያለበት ይኸኛው ማሽን ብቻ ነው። ሙሉቀን ብርቱካንን ቀጥ ብለሽ ግቢ አላት። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ከፊቷ ሦስት ሰው አለ፤ ተራ የባለተራው ነው፣ እኔም አንተም አንሰጠውም፣ ትለምናቸው አልኩ። ሙሉቀን የዛሬዋን ቀን እንኳ ብሎ ተማጸነኝ። የዛሬዋ ቀን ለእነሱም ቀን ናት አልኩት። ብርቱካን ለመነች። ሁለቱ ወዲያው ፈቀዱ። የከብት ነጋዴው ገዢዬ እየጠበቀኝ ነው አለ፤ መብቱ ነው፣ አልተናገርኩትም። እግሯን አየ። እስከ ጉልበቷ ጭቃው ደርቆባታል። «ሂጂ፣ ሚስቴ ወሯ ገብቷል፤ ምናልባት አንቺው ትሆኚ የምትይዢያት» አላት።

ኪቦርድ ከፊት ክፍል አምጥተን ሰካን። ብርቱካን ስሟን መጻፍ ጀመረች። የአባቷ ስም አዳነ፣ የአያቷ ስም አላምረው ነው። የፈረንጁ ኤ ፊደል አይጽፍም። ደጋግማ መታችው፤ አይጽፍም። ሙሉቀን ኪቦርዱን ገልብጦ ሲያራግፈው ጸበል ጠብ አለ።

ሙሉቀን ቀና ብሎ አየኝ። አሁን አንተ እውነት አለህ፣ ግን ሌላ ኪቦርድ አምጣ አልኩት። ሁለተኛው ሠራ። ወረቀቶቿ ስካን ተደረጉ፣ ተጫኑ። የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጫን ለአሥራ አንድ ሰባት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። የምዝገባ ቁጥሯ ሲወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ነጋዴው ጨርሳለች ወይ ብሎ ከውጭ ጠየቀ።

ቄስ ታከለ ገና አልሄዱም ነበር። በእሳቸውና በሙሉቀን መካከል ቆሜ ፍርዴን ተናገርኩ። «አባ፣ ይፍቱኝ። የኢንተርኔቱ ጥፋት የእሱ ነው። የኪቦርዱ ጥፋት ግን የእርስዎ ነው።»

«ጸበል እንዴት ያጠፋል?» አሉ።

«ጸበሉ አላጠፋም። ያፈሰሰው እጅ ነው የበዛ።»

በሳቅ ትከሻቸው ተነቃነቀ። በሚቀጥለው ማሽኖቹ ከረጢት ለብሰው ይጠብቁኝ አሉ። ሙሉቀን ይፍቱኝ ብሎ ተንበረከከ፤ በሰው ፊት ስለከሰሳቸው በሰው ፊት እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፈትተውት ጃንጥላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ መጥረጊያው አልቀረልኝም፤ ሥራ ግን ተጨመረልኝ። ቪፒኤን አንሥቶ ገጽ አልከፍት ያለው ሰው ወደ እኔ ይላካል። ኮምፒዩተር ከሆነ ፕሮክሲውን አጠፋለሁ። ቀጥሎ ብሮውዘሩ ውስጥ ቪፒኤኑ ትቶት የሄደ ኤክስቴንሽን፣ ማለት ብሮውዘሩ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም፣ አለ ወይ ብዬ አያለሁ፤ ካለ አነሣለሁ። ስልክ ከሆነ፣ ያለ ቪፒኤን አታገናኝ የሚለው ማብሪያ ሳይጠፋ ቀርቶ እንደሆነ እመለከታለሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራለሁ። ብሮውዘሩን ግን አላጠፋም፤ ያ የሙሉቀን ዘዴ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ላፕቶፑን ሲያመጣ እኔ አሮጊቷ መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ስቀርበው ባለሙያው የት ነው አለኝ። ምን አንሥተሃል ብዬ ጠየቅሁት። ምንም አልነካሁም አለ። አልነካህም፣ ምን አንሥተሃል ነው ያልኩህ አልኩት። አሰበና ቪፒኤን አለ። ሻይ ለማዘዝ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ላፕቶፑ ተሠርቶለት ሄደ።

ብርቱካን ፈተናውን አልፋ አሁን አዋላጅ ናት። የነጋዴውን ሚስት ያዋለደችው ሌላ ሰው ነው፤ ነጋዴው ግን ዛሬም እኔ ነኝ ያስመዘገብኳት ይላል። ከፊሉ እውነት ስለሆነ ዝም እለዋለሁ።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው። ቪፒኤን ስታነሡ ፕሮክሲውንም አጥፉ። ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ደግሞ ያልተረጨውን ማሽን አብርታችሁ እዩ።