የመረጃ ሰጪ ሰባት ተዝካር

ንጋት 12፡00፣ ጎንደር መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ቦርሳው ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ አለ፤ ጥቁር ሽፋን፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ፣ እንደ ጡብ የከበደ። ስለ አካባቢና ልማት ግንኙነት ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ወዳለ አንድ መንደር አራት ዓመት ተመላልሼ የጻፍሁት። ለአያ ሞላ ላደርሰው ነበር። አያ ሞላ ግን ሞተዋል። ዛሬ አርባቸው ነው።

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ በሕይወት አልደረስሁላቸውም። ይህ አንዱ ጥፋቴ ነው፤ ሌላው ይብሳል። ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ማኪና መንገዱ ሸኝተውኝ፣ «ከመጽሐፍህ ስሜን አስገባልኝ፤ ሌላ አልልህም» ሲሉኝ «እሺ» ብያለሁ። ስማቸው ግን የለበትም። የጥናት ደንቡ አይፈቅድም፤ ቃሉን የሰጠን ሰው ሁሉ በቁጥር ነው የሚጠራው። አያ ሞላ «መረጃ ሰጪ 7» ናቸው።

12፡45፣ ወለቃ

ሸክላ ሻጮቹ ገና አልወጡም፤ ባዶ መደባቸው ላይ ጤዛ ወርዷል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«መምህር፣ ምነው እንዲህ ጠቆርህ?»

«ተዝካር ነው የምሄድ።»

«ታዲያ ተዝካር ጠላ ይጠጡበታል እንጂ ያኮርፉበታል?»

ሳቅሁለት።

2፡30፣ አምባ ጊዮርጊስ

ብርድ፣ ድንች በጆንያ፣ ተቆርጦ የተከመረ ባህር ዛፍ። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው። ዳገቱን ስወጣ የደረቀው ምንጭ ዘንድ አረፍሁ። አያ ሞላ እዚህ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውኝ የነገሩኝን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፦

«ልማት ብለው ባህር ዛፍ አመጡልን። እሱን ሸጠን ቤታችን ቆርቆሮ ሆነ፤ ሸጋ ነው። ምንጩ ግን ሄደ። አንዱን ሲሰጡን ሌላውን እንደሚወስዱ ምነው አልነገሩን?»

የመጨረሻው ምዕራፌ ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በሠንጠረዥ ታጅቦ። ዶክተር የተባልሁት በእሳቸው ንግግር ነው።

5፡00፣ ዳሱ ውስጥ

ፍትሐቱ ላይ ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ደጋግመው ጠሩ። ወልደ ሚካኤል። በጠሩት ቁጥር ቦርሳዬን አጥብቄ እታቀፋለሁ።

ከምሳ በኋላ ይታይሽ መጣች፤ ትልቋ ልጃቸው ናት። በየጉዞዬ ስታበላኝ የኖረች እሷ ነች። መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ስሙ የቱ ጋ ነው?»

በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዳሱ የሚያነበው የለም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጬ ጣቴን አሳረፍሁ።

«እዚህ» አልኋት።

ሳመችው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሳለመችው። ከዚያ ቀና ብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ ገጹን አየች።

«ይኼ ሰባት አይደለም እንዴ?» አለች። «ፊደል አልቆጠርሁም፤ ስልክ ግን እደውላለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስም የሚደበቀው ማንም ክፉ እንዳያገኘው እንደሆነ እየተንተባተብሁ አስረዳኋት።

«ከማን ነው የምትደብቀው? ቄሱ ጮኸው ሲጠሩት አልሰማህም?»

እስክሪብቶ አውጥቼ ከቁጥሩ ጎን በአማርኛ ጻፍሁ፦ አያ ሞላ፣ ወልደ ሚካኤል። ማንበብ ባትችልም እስክጨርስ እጄን በዓይኗ ተከተለችው። እንባዋን ጠረገች። ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። ከዚያ ገጹን ገለበጠች።

«ይኼ ስምንትስ ማን ነው?»

11፡30፣ ወደ ጎንደር

አላስታወስሁትም። «ደብተሬን አይቼ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ። የቀኑ ሁለተኛ ውሸት ነው። ስሞቹ የነበሩበትን ደብተር ጥናቱ ሲጸድቅ፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረት፣ በገዛ እጄ አቃጥዬዋለሁ።

በመንገድ ሁሉ ከአንድ ጀምሬ ቆጠርሁ። ወለቃ ስንደርስ ያስታወስሁት የአራት ሰው ስም ነው። ስምንት የለም። የመንደሩ ሰው መሆኑን ብቻ አውቃለሁ፤ መንደሩ ደግሞ ዛሬ በሙሉ ዳሱ ውስጥ ነበር። እዚያ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ» ብለው ስሜን ጠርተው ጠላ ቀድተውልኛል። ምናልባት ስምንት እሳቸው ናቸው።